ገንዳ መሥራትና ገንዳ ማኖር

ጥምቀት ሲቃረብ በጎንደር ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ሥራ ይከናወናል። ታቦታቱ ከየመንበራቸው ከመውጣታቸው፣ ምእመናኑም ነጭ ለብሰው ከመሰብሰባቸው አስቀድሞ፣ ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈ ውኃ በቦይ እየተመራ የዐፄ ፋሲለደስ መዋኛ ወደሚባለው ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ይገባል። ርዝመቱ ወደ 50፣ ስፋቱ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋው ይህ ገንዳ እስኪሞላ ቀናት ይወስዳል። በዓሉ አልፎ ውኃው ከተለቀቀ በኋላ ግቢው ወደ ጸጥታው ይመለሳል፤ ገንዳውም የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ደረቁን ያሳልፋል።

ተሳላሚው በዚህ ስፍራ በረከትን ያያል። የታሪክ ተመራማሪው ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት ንጉሥ ስም የሚጠራውን የግንበኝነት ጥበብ ያያል። የመዋኛ ገንዳ የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ፣ የሆቴል ኃላፊም ይሁን የመኖሪያ ግቢ ባለቤት፣ ሌላ ነገር ማየት ይችላል፤ ወርኃዊ ወጪ የሌለበት መዋኛ። የሚያሞቀው ምድጃ፣ ሌት ተቀን የሚያጣራው ሞተር፣ በየሳምንቱ የሚጨመርበት መድኃኒት የለም። ውኃው የሚመጣው በሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ የሚያመጣውም የመሬቱ ቁልቁለት ነው።

ገንዳ መሥራት የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ገንዳ ማኖር ግን የዘወትር ዕዳ ነው። ዕዳውም በየትኛውም ዘመንና አገር አራት ባለመብቶች አሉት፤ ሰርጎና ተንኖ የሚጠፋው ውኃ፣ ወደ ሰማይ የሚሸሸው ሙቀት፣ በየዕለቱ የሚጎድለው ንጽሕናና ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት። የመዋኛ ታሪክ ከጌጡና ከግርማው ባሻገር ሲመረመር፣ ሰዎች ይህን ዕዳ ለማቅለል ያደረጉት ረጅም ትግል ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ትግሉም ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ብክነትን ከምንጩ ማቆም ነው። ሁለተኛው ወጪውን ሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጣል ነው። ሁለቱም በባለቤቱ መዝገብ ላይ «ቁጠባ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ውኃውን መያዝ

እስከ ዛሬ ከታወቁት ጥንታውያን ገንዳዎች ስመ ጥሩው በዛሬዋ ፓኪስታን፣ በሲንድ ግዛት፣ በሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ መካከል የሚገኘው ታላቁ መታጠቢያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት የተሠራው ይህ ገንዳ 12 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 7 ሜትር ያህል ስፋት፣ 2.4 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ግንበኞቹ ጡቡን እጅግ አጠጋግተው ከደረደሩ በኋላ ውኃ እንዳያሰርግ ከኋላው ሬንጅ አልብሰውታል። ውኃ የሚያመጡት ሰዎች ድካም በከንቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ፣ ግንበኞቹ ድካሙን አንድ ጊዜ በሥራው ላይ አውለውታል።

ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም የመጀመሪያው ጥያቄ አልተለወጠም፤ ገንዳው ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። አንድ ባልዲ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ተሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ በባልዲው ውስጥና በውጭ ያለው የውኃ ከፍታ ምልክት ይደረግበታል። ከአንድ ቀን በኋላ ሁለቱም እኩል ቢጎድሉ የጎደለው በትነት ነው። የገንዳው ከባልዲው በልጦ ቢጎድል ግን ግድግዳው ወይም ቧንቧው ተሰንጥቋል ማለት ነው። ስንጥቁን ሳይደፍኑ ውኃ መሙላት፣ ወንፊት ላይ ውኃ እንደማፍሰስ ነው።

ትነት ደግሞ የማይታይ ስንጥቅ ነው። የላይ ገጹ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ገንዳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፣ 500 ሊትር ውኃ ወደ ሰማይ ሄደ ማለት ነው። በወር ሲቆጠር 15 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት የአፍሪካ ቀንድ አርብቶ አደሮች ናቸው። በደረቁ የሶማሌ ምድር «ቢርካ» በሚባለው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ቅርንጫፍ የሚረበርቡት ወይም ቆርቆሮ የሚያለብሱት፣ ፀሐይና ንፋስ ከከብቶቻቸው ጋር ለዚያው ውኃ እንደሚሻሙ ስለሚያውቁ ነው። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው መሸፈኛም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለገንዳ ባለቤቶች በሰጠው ምክር፣ መሸፈኛ የሚጨመረውን ውኃ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ፣ የማሞቂያ ወጪን ደግሞ ከ50 እስከ 70 በመቶ እንደሚያድን አስፍሯል።

ሽፋኑ ከውኃው ይልቅ ሙቀቱን አብልጦ የሚያድንበት ምክንያት አለው። አንድ ሊትር ውኃ ለመትነን 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከላይ የተጠቀሱት 500 ሊትሮች በአንድ ቀን ከ300 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይወስዳሉ። ይህን የሚተካው ወይ ፀሐይ ነው፤ ወይ የባለቤቱ ኪስ ነው።

የሙቀት ዋጋ

ስለ ሙቀት ዋጋ በጥልቀት ካሰቡት ቀደምት ሕዝቦች ሮማውያን ይገኙበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የጻፈው ቪትሩቪየስ የተባለው የሕንጻ ሊቅ፣ የመታጠቢያ ቤት ሙቅ ክፍሎች በክረምት ፀሐይ ወደምትጠልቅበት አቅጣጫ እንዲዞሩ ይመክራል። ሰው የሚታጠበው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ያለችው ፀሐይ ያለ ክፍያ ታሞቃለች። የወንዶችና የሴቶች ሙቅ ክፍሎችም ጎን ለጎን እንዲሠሩ ያሳስባል፤ አንድ ምድጃ ለሁለት እንዲበቃ። ከምድጃው በላይ የሚጣዱት የነሐስ ጋኖች ሦስት ናቸው፤ የቀዝቃዛ፣ የለብታና የሙቅ። ከሙቁ ጋን ውኃ ሲቀዳ የሚተካው ከለብታው ነው፤ ለብታውም ከቀዝቃዛው ይተካል። ስለዚህ ምድጃው በረዶ የመሰለ ውኃ ከመነሻው ለማፍላት አይገደድም።

ይህ ሁሉ እውነተኛ ቁጠባ ነው። ነገር ግን የሮማ መታጠቢያ ቤቶች ሒሳብ ሌላም ገጽ ነበረው። ከወለሉ በታች ባለው ጠባብና ጢስ በሞላበት ስፍራ እሳቱን የሚቆሰቁሱት በአብዛኛው ባሮች ነበሩ። ከላይ ያለው ታጣቢ የሚከፍለው ሳንቲም እጅግ አነስተኛ ሊሆን የቻለው፣ ከታች ያለው ሰው ላቡን ያለ ደመወዝ ስለሚያፈስ ጭምር ነው።

የምድር እሳት ራሱ ምድጃ በሆነበት አገር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ ምክንያት ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። የመናገሻ ከተማዋም ታሪክ ከሙቅ ውኃ ጋር የተሳሰረ ነው። የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ተራራ ላይ በነበረበት ጊዜ መኳንንቱና ሠራዊቱ ለመታጠብና ለመፈወስ ወደ ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ተባለ። በብርዱ ተራራና በሙቁ ምንጭ መካከል በተደረገው ምርጫ ምንጩ አሸነፈ ማለት ይቻላል።

የዚህ ምንጭ ስጦታ ወደ ዘመናዊ መዋኛዎችም ተሻገረ። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ በሚያስታውስ የመስቀል ቅርጽ የሠራው መዋኛ ውኃውን የሚያገኘው ከፍል ውኃ ነው። የግዮን ሆቴልም መዋኛ በፍል ውኃው ታውቋል። ከከተማዋ ውጭ ሶደሬ በአዋሽ ዳር፣ ወንዶ ገነት በደን ውስጥ፣ ከምድር በሚፈልቅ ሙቅ ውኃ ለትውልዶች መዝናኛ ሆነዋል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማ፣ ሌሊቱ በሚበርድበት አየር፣ ገንዳን በኤሌክትሪክ ወይም በነዳጅ ማሞቅ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለሚያስብ ሰው የስጦታው ዋጋ ግልጽ ነው። ለእነዚህ መዋኛዎች ሥራው ውኃውን ማሞቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው።

ሆኖም በነጻ የተገኘ ሙቀት ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየችው እንደ አዲስ አበባ በሙቅ ምንጮቿ የምትታወቀው የኒውዚላንድ ከተማ ሮቶሩዋ ናት። በዚያ ብዙ ቤቶችና ሆቴሎች በየግቢያቸው ጉድጓድ ቆፍረው ክፍላቸውንና መዋኛቸውን በምድር ሙቀት ያሞቁ ነበር። እያንዳንዱ ባለ ጉድጓድ ቆጥቧል። ከተማይቱ ግን ከሰረች፤ ማኦሪዎች ለዘመናት የኖሩባቸውና ጎብኚዎች የሚመጡላቸው ፍንጥር ምንጮች መዳከም ጀመሩ። በ1986 እ.ኤ.አ. መንግሥት ፖሁቱ ከተባለው ታላቅ ፍንጥር ምንጭ 1.5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉት ጉድጓዶች እንዲዘጉ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ምንጮቹ ማገገም ታየባቸው። ከግለሰቦች መዝገብ ተሰርዞ የነበረው ወጪ፣ ለካ በሁሉም የጋራ ርስት ስም ተመዝግቦ ኖሯል።

የንጽሕና ዋጋ

ውኃ ቆሞ ሲውል ይሸታል፤ ሲሸት ትንኝ ይፈለፈልበታል። በኬንያ ጠረፍ በላሙ ደሴት የነበሩ የስዋሂሊ ባለ ድንጋይ ቤቶች ለዚህ ችግር የራሳቸው መላ ነበራቸው። በመታጠቢያ ክፍላቸው ውስጥ «ቢሪካ» የሚባል የውኃ ገንዳ ይሠሩ ነበር፤ ስሙ ከሶማሌው ቢርካ ጋር አንድ የዐረብኛ ምንጭ አለው። በገንዳው ውስጥ የትንኝ እጭ የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች ይለቀቁበታል። ከወለሉ ላይም የሸክላ ሳሕን ይተከላል፤ ገንዳው ለጽዳት ሲደርቅ ሳሕኑ ላይ በሚቀረው ውኃ ዓሦቹ ነፍሳቸውን ያቆያሉ። ያለ መድኃኒትና ያለ ሞተር የሚሠራ፣ ደመወዙም እጭ ብቻ የሆነ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ለሚዋኝበት ገንዳ ግን ዓሣ አይበቃም። በብሪታንያ በ1846 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የከተማ አስተዳደሮች ለሕዝቡ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ቤት እንዲያቆሙ ፈቀደ። ዘመኑ ማጣሪያና ክሎሪን ገና ያልመጡበት ስለነበር፣ ገንዳው በንጹሕ ውኃ ይሞላል፤ ጥቂት ቀናት ይዋኝበታል፤ ሲደፈርስ ይለቀቅና እንደገና ይሞላል። ውኃ መለወጥና ማሞቅ ውድ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ መታጠቢያ ቤቶች መግቢያውን እንደ ውኃው ጥራት ተመኑ። ገንዳው በተሞላበት ቀን ዋጋው ይወደዳል፤ ውኃው እየደፈረሰ ሲሄድ ዋጋውም እየረከሰ ይሄዳል። ድኻው የሚደርሰው በመጨረሻው ቀን ነበር።

በ1906 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር የተከፈተው ቪክቶሪያ መታጠቢያ ይህን አሠራር በሕንጻው ውስጥ ሳይቀር አተመው። ሦስት ገንዳዎች ነበሩት። ንጹሑ ውኃ መጀመሪያ የሚገባው አንደኛ ደረጃ ለተባሉት ወንዶች ነው፤ እነርሱ ከዋኙበት በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወንዶች ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ወደ ሴቶች ገንዳ ይደርሳል። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ አገልግሏልና በሒሳብ ሹሙ ዘንድ ብልኅነት ነበር። ሦስተኛዋ ዋናተኛ ግን የቁጠባውን ዋጋ በገላዋ ከፍላለች።

ይህን ሥርዓት የሻሩት ማጣሪያና ክሎሪን ናቸው። በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ መዋኛ ክሎሪን በመጨመር የተደረገው ሙከራ በዚህ ረገድ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ውኃ እያጣሩና እያከሙ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ተቻለ። ዋጋው የሁሉም ሳይሆን ንጽሕናው የሁሉም ሆነ፤ የመጨረሻው ዋናተኛም እንደ መጀመሪያው ንጹሕ ውኃ አገኘ።

ክሎሪንም ቢሆን አያያዙን ለማያውቅ ሰው ገንዘብ ይበላል። የቀትር ፀሐይ ያልተከለለ ክሎሪንን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ታጠፋዋለች። ስለዚህ በጠራራ የተጨመረ ክሎሪን ግማሹ ለፀሐይ የተሰጠ ግብር ነው፤ ከምሽት በኋላ መጨመር ወይም ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለውን መጠበቂያ በልኩ መጠቀም ከዚህ ያድናል። የውኃው የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤችም ወሳኝ ነው። ፒኤች 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ጀርም ለመግደል ብርቱ በሆነው መልኩ ይገኛል፤ ወደ 8 ሲወጣ ግን ይህ ድርሻ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። መለካት የተወ ሰው መድኃኒቱን ይገዛል፤ ሥራውን ግን አያገኝም። ዋናተኛው ከመግባቱ በፊት ገላውን እንዲለቃለቅ ማድረግም እንዲሁ ክሎሪንን ያተርፋል፤ ላብና ቅባት መድኃኒቱን ከጀርሙ ቀድመው ይጨርሱታልና።

ወሰን ያለው ቁጠባ ይህ ነው። ክሎሪኑን ከሚገባው በታች አውርዶ «ቆጠብሁ» የሚል ባለቤት ከማንቸስተር ሒሳብ ሹም አይለይም፤ ወጪውን ወደ ሕፃናት ዐይን፣ ጆሮና ሆድ አሻገረው እንጂ አልቀነሰውም።

ውኃውን ማንቀሳቀስ

በጎንደር ውኃውን የሚያመጣው ቁልቁለት ነው አልን። በዘመናዊ ገንዳ ግን ውኃው በማጣሪያው ውስጥ የሚያልፈው በፓምፕ ነው። ፓምፑም ብዙ ጊዜ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ላይ ዋናው ኤሌክትሪክ በላተኛ ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለታጋሽ ሰው ታደላለች። የፓምፑ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚወስደው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እንግዲህ ሰዓቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ያው ውኃ በሩብ ኃይል ተጣራ ማለት ነው። በተግባር በሞተሩና በቧንቧው ጠባይ ምክንያት ቁጠባው ከዚህ ቢያንስም አሁንም ትልቅ ነው። አሜሪካ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገንዳ ፓምፖች የኃይል ቁጠባ ደረጃ በሕግ ያጸናችው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣሪያውን ማጠብም ልክ አለው። በልማድ ብቻ በየዕለቱ የሚያጥብ ሰው የታከመና የተከፈለበት ውኃ ያፈስሳል፤ ጨርሶ የማያጥብ ደግሞ ፓምፑን ያስጨንቃል። ትክክለኛው ምስክር የግፊት መለኪያው ነው፤ ንባቡ ማጣሪያው ንጹሕ ከነበረበት ጊዜ በግልጽ ሲበልጥ የማጠቢያው ጊዜ ደርሷል።

ለአንድ ሰው ሸክም

ከቁጠባዎች ሁሉ ጥንታዊው ግን መካፈል ነው። ዛንዚባር ሁለት ምስክሮች አሏት። በኪዲቺ የሚገኘውን መታጠቢያ ሱልጣን ሰዒድ በ1850 እ.ኤ.አ. ከፋርስ ለመጣች ባለቤታቸው አሠሩት፤ የአንድ ቤተሰብ ጌጥ ነበር። ከ1870 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. የነገሡት ልጃቸው ሱልጣን ባርጋሽ ደግሞ በከተማው መካከል ሐማምኒ የተባለውን መታጠቢያ ለሕዝብ አሠሩ። የሐማምኒ ምድጃና ውኃ ለብዙ ሰው ስለሚበቃ እስከ 1920 እ.ኤ.አ. አገልግሏል። ሁለቱም ዛሬ ደረቅ ቅርሶች ናቸው፤ አንደኛው ግን ከመድረቁ በፊት አንድ ከተማ አጥቧል።

ብሪታንያውያንም ይህን አውቀው ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የከተማ መዋኛዎች በክረምት ተዘግተው ለስፖርት ማዘውተሪያ እንዲያገለግሉ ፈቀደ። በብርድ ወራት ጥቂት ሰው የሚገባበትን ውኃ ከማሞቅ ይልቅ ገንዳው ላይ ሳንቃ ተነጥፎ ሕዝቡ ይሰበሰብበት ጀመር። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እዚህም ይሠራል። በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በአዲስ አበባ በአንድ አጥር ውስጥ ያሉ ዐሥር አባወራዎች ዐሥር ገንዳ ቢቆፍሩ ዐሥር ፓምፕ፣ ዐሥር የትነት ገጽና ዐሥር የክሎሪን በርሜል ያስተዳድራሉ። አንድ ገንዳ ቢካፈሉ ግን ሸክሙ ይቀላል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛም በሚገባው ደመወዝ መቅጠር ይችላሉ።

የጎንደሩን ገንዳ ምሳሌነት ግን በጭፍን መከተል አይገባም። ዛሬ የሚሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ለወራት ባዶውን ቢተው የከርሰ ምድር ውኃ ከሥሩ ገፍቶ ሊያነሣው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። የጎንደር ትምህርት ማድረቁ አይደለም፤ ልኩን ማወቁ ነው። ውኃ የሚመጣው ለሰው ነው፤ ሰውም ሲመጣ አይከፋፈልም። በጥምቀት ዕለት ወደዚያ ውኃ የሚዘለው ወጣት አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ የለውም፤ ውኃው ለሁሉም አንድ ጊዜ ይባረካል፤ ለሁሉም አንድ ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ ውኃው ይለቀቃል። የዛፎቹ ሥሮች እንደ ገመድ የጠመጠሙት የድንጋይ ቅጥር በደረቁ ገንዳ ዙሪያ ቆሞ ይቀራል፤ ቀሃም በበኩሉ መንገዱን ይቀጥላል።